መዶሻ ፍለጋ

በምሥራቅ እንግሊዝ አገር፣ ሰፎክ በሚባለው አውራጃ፣ ከሆክሰን መንደር አጠገብ የሚያርስ አንድ ገበሬ መዶሻው እርሻው ላይ ወድቆ ጠፋበት፤ እጅ የለመደው መሣሪያ ሲጠፋ የሚያናድደው የዋጋው ነገር አይደለምና፣ ገበሬው ዕድሜውን በአትክልተኝነት አሳልፎ ጡረታ የወጣ አንድ ወዳጁን ጠርቶ እንዲፈልግለት ለመነው። ወዳጁ ጡረታ በወጣ ጊዜ በስጦታ የተቀበለው ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ነበረው። ይህ የሆነው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ኖቬምበር 16 ቀን 1992 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው በእነርሱ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሰውየው ረጅሙን ዘንግ በመሬቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ሲሄድ መሣሪያው ጮኸ፤ አፈሩን ገለጥ ገለጥ ቢያደርግ ግን የወጣለት መዶሻ ሳይሆን የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥ፣ የቄሣሮች መልክ የታተመበት የወርቅና የብር ገንዘብ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ፋኖስ አብርቶ ሌሊቱን ሲቈፍር ባደረ ነበር፤ እነዚህ ሁለት ወዳጆች ግን ጥቂት ዕቃ ካወጡ በኋላ እጃቸውን ሰብስበው፣ የቀረውን ሳይነኩ፣ ለመሬቱ ባለቤት ለአውራጃው ምክር ቤትና ለፖሊስ አስታወቁ። በማግሥቱ የአውራጃው የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ወሬው ሳይሰማ በምሥጢር መጥተው ቍፋሮውን በአንድ ቀን ፈጸሙት፤ ያልተነካውንም ክፍል ከነአፈሩ ጐምደው፣ እንደ ድፎ ዳቦ በትልልቅ ጕማጅ አንሥተው፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ ቀስ ተብሎ እንዲፈታ ወደ ለንደን ላኩት።

ሀብቱ በተቈጠረ ጊዜ ከ14,800 በላይ ሳንቲም ተገኘ፤ ከዚህም ውስጥ ከ500 በላይ የሆነው ሶሊዱስ የሚባለው የወርቅ ገንዘብ ሲሆን ከ14,000 በላይ የሚሆነው ብር ነበረ። የማዕድ ዕቃውና የጌጡ ቍጥር ደግሞ 200 ያህል ነው። ሁሉም የታሸገበት የባሉጥ እንጨት ሣጥን ከ1,500 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ኖሮ በስብሶ ጠፍቷል፤ ይሁን እንጂ የብረት ማጠፊያዎቹ፣ የትንንሾቹ ሙዳዮች ቍልፎችና የዕቃው አደራደር እንደ ነበሩ ስለ ተገኙ፣ ሊቃውንቱ የሌለውን ሣጥን ስፋቱንና ቁመቱን፣ በውስጡም ምን ከምን አጠገብ እንደ ተቀመጠ ለይተው ለመናገር ቻሉ። ይህን ያስቻላቸው አትክልተኛው ያወጣው ሳይሆን ሳያወጣ የተወው ነው። በ1993 የሀብቱ ዋጋ 1,750,000 ፓውንድ ሆኖ ተገምቶ ለአግኚው ሲሰጠው፣ እርሱም ለገበሬው አካፈለው። መዶሻውም ተገኝቷል፤ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ከቄሣሮቹ ወርቅ ጋር በአንድ መዝገብ ውስጥ ይኖራል።

የሣጥኑ ባለቤቶች ማን እንደ ነበሩ ዕቃው ራሱ በጥቂቱ ይናገራል። ከማንኪያዎቹ በበርካታዎቹ ላይ አውሬልዮስ ኡርሲኪኖስ የሚል ስም ተቀርጿል፤ ከወርቅ አምባሮቹም አንዱ ዩልያና የምትባል እመቤት በደስታ እንድታደርገው የሚመኝ የላቲን ጽሕፈት በራሱ በወርቁ ላይ ተፈልፍሎበታል። ከብሩ ዕቃ መካከል በአንዲት ባለማዕርግ ሴት አምሳል የተሠራ የቍንዶ በርበሬ መያዣ አለ፤ ይህም ትንሽ ዕቃ የዚያን ቤተ ሰብ ማዕድ ከሩቅ ምሥራቅ ጋር የሚያገናኝ ነው፤ ቍንዶ በርበሬ በዚያ ዘመን ከህንድ በመርከብ ተጭኖ፣ በቀይ ባሕር አልፎ፣ በግብፅ በኩል ወደ ሮም ግዛት የሚገባ ውድ ነገር ነበርና። የጎቶች ንጉሥ አላሪክ በ408 የሮምን ከተማ ከቦ ቤዛ በጠየቀ ጊዜ ከወርቁና ከብሩ ላይ 3,000 ንጥር ቍንዶ በርበሬ ጨምሮ መጠየቁን ታሪክ ጸሐፊው ዞሲሞስ መዝግቦታል።

የሆክሰን ሣጥን የተቀበረውም በዚያው ዘመን ግድም ነው፤ በውስጡ ከተገኙት ሳንቲሞች የመጨረሻዎቹ በ407 እና በ408 የታተሙ ናቸውና። በብሪታንያ የነበረው የሮም ሠራዊት ቈስጠንጢኖስ 3ኛ የተባለውን ሰው ቄሣር ብሎ አንግሦ በ407 ወደ ጎል ምድር ተሻገረ፤ ከዚያ በኋላ ለወታደር ደመወዝ ሆኖ በየጊዜው ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው አዲስ ገንዘብ ነጠፈ። ሕዝቡም በእጁ ያለውን የብር ሳንቲም ጠርዝ ጠርዙን እየቀረጠፈ ከቅርጥፋፊው ሌላ ብር ማውጣት ያዘ፤ ከሆክሰን ብሮች አብዛኞቹ እንዲህ የተላጩ ናቸው። የሚያስደንቀው ግን ቀርጣፊዎቹ ከሳንቲሙ ዙሪያ ያለውን ጽሕፈት እየበሉ የቄሣሩን ፊት ሳይነኩ ማለፋቸው ነው፤ ቄሣሩ ራሱ ከአገሩ ወጥቶ ከሄደ በኋላ መልኩን መፍራታቸው አልቀረም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስገኘው መሣሪያ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ልግለጽ። በዘንጉ ጫፍ ባለው ሰፌድ መሰል ክፍል ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል አቅጣጫውን በፍጥነት እየቀያየረ ሲመላለስ ወደ መሬት የሚወርድ የመግነጢስ ኃይል ይፈጥራል። ይህ ኃይል ከመሬት በታች ያለውን ብረት፣ ወርቅ ወይም መዳብ ሲያገኘው በማዕድኑ ገላ ላይ ትንንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ያስነሣል፤ አዙሪቶቹም በተራቸው የራሳቸውን የመግነጢስ ኃይል ይመልሳሉ፤ ሌላ ሽቦ ያን ምላሽ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። የለመደ ጆሮ የዛገ ምስማርን ከብር የሚለየው በድምፁ ነው፤ ሆኖም ነጠላ ሳንቲም ከአንድ ስንዝር ብዙ ጠልቆ እንደ ሆነ መሣሪያው አልፎት ይሄዳል።

የመሣሪያው ታሪክ የጀመረው በሐዘን ነው። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በቈሰሉ ጊዜ፣ ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረችውን ጥይት በዚሁ ጥበብ ሊያገኛት ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ የተኙበት አልጋ የብረት ሽቦ ነበረውና ሙከራው ሳይሳካ ቀረ፤ ፕሬዚዳንቱም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 19 ቀን አረፉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኰንን በስኮትላንድ ሳለ ወታደር ተሸክሞት የሚሄድ የፈንጂ መጠቈሚያ ሠራ፤ የእንግሊዝ ጦርም በ1942 በኤል አላሜይን ፈንጂ የተቀበረበትን በረሃ ያለፈው በዚህ መሣሪያ እየተመራ ነው። ሞትን ከመሬት ሊያወጣ የተሠራው ዘንግ ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት በሰንበት ዕረፍታቸው ማሳ ለማሳ በሚዞሩ ሰላማውያን ሰዎች እጅ ገባ።

እነዚህ ሰዎች በየዕለቱ ወርቅ የሚያገኙ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። ከመቶ ጩኸት አብዛኛው የቆርቆሮ ክዳን፣ የጥይት ቀለህ፣ የበሬ ቀንበር ምስማር፣ የልብስ ቍልፍ ነው፤ ሮማዊ ሳንቲም የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ዝገት ስለ በላው የየትኛው ቄሣር እንደ ሆነ እንኳ የማይታወቅ የነሐስ ቍራጭ ነው። ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ አስመጥቶ ያየው ዲናር መልኩም ጽሕፈቱም የሚነበብ ነበር፤ ከእንግሊዝ ማሳ የሚወጣው የነሐስ ሳንቲም ግን እንዲያ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ የሚበቃው ከስንት አንዱ ነው። ቢሆንም በዚህ ማዘን አይገባም፤ በአንድ ማሳ ላይ ተራ የሆኑ ሠላሳ የዛጉ ሳንቲሞች ተበትነው ቢገኙና የእያንዳንዳቸው ቦታ በካርታ ላይ ቢመዘገብ፣ በዚያ ማሳ ላይ በፊት ያልታወቀ ገበያ ወይም መንደር ወይም የአማልክት ቤት መኖሩን ሊያስረዱ ይችላሉ፤ እነዚያው ሠላሳ ሳንቲሞች በኪስ ተይዘው ከሄዱ ግን የእንጀራ ዋጋ እንኳ አያወጡም።

የአርኪዮሎጂ ሊቃውንትን ከመሣሪያ ያዦቹ ጋር ያጣላቸውም ይኸው ነገር ነው። በ1980 ሊቃውንቱ ያለፈውን ዘመናችንን አትውሰዱብን የሚል ዘመቻ አንሥተው ነበር፤ ሌሊት ሌሊት በድብቅ ወደ ተከለሉ ጥንታውያን ቦታዎች ገብተው የሚቈፍሩ ሌቦች ነበሩና (ዛሬም አልጠፉም) ቍጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። አየርላንድ በ1987 ያለ ፈቃድ በመሣሪያ ቅርስ መፈለግን በሕግ ከለከለች፤ ፈረንሳይም በ1989 ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ አወጣች። እንግሊዞች ግን ነገርን ከመከልከል ይልቅ ማግባባት ይሻላቸዋልና ሌላ መንገድ መረጡ።

የጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ይል ነበር፦ ከመሬት የተገኘ ወርቅ ወይም ብር የንጉሥ የሚሆነው የቀበረው ሰው ተመልሶ ሊያወጣው አስቦ የደበቀው እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ከእጁ ወድቆ የጠፋ ወይም ለሙት መታሰቢያ፣ ለአማልክት መሥዋዕት ተብሎ የተሰጠ ከሆነ ግን የንጉሥ መብት አይደርስበትም። ስለዚህ ዳኞች ከሺህ ዓመት በፊት የሞተ ሰው፣ አካፋውን ይዞ በቆመ ጊዜ በልቡ ምን ያስብ እንደ ነበረ ይፈርዱ ዘንድ ግድ ሆነባቸው። ልብና ኵላሊትን መመርመር የአምላክ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ሸክም ለአንድ የገጠር ችሎት መስጠት እንዴት ያለ ነገር እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ። በ1996 የወጣውና በ1997 በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ይህን የልብ ምርመራ አስቀረ፤ ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ከመቶ ዐሥር እጅ ወርቅ ወይም ብር ያለባቸው፣ ከአንድ ሥፍራ የተገኙ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሳንቲሞች ሁሉ፣ የወርቅና የብር መጠናቸው ከዚያ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ ዐሥርና ከዚያ በላይ የሆኑት፣ ማንም በምንም ሐሳብ ቢቀብራቸው ቅርስ ናቸው ብሎ ደነገገ። ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው ሹም ማስታወቅ አለበት፤ ይህ ሹም ድንገት የሞተ ሰው ሲኖር ምክንያቱን የሚመረምር ዳኛ ነው፤ የሬሳና የወርቅ ጉዳይ በአንድ ወንበር ፊት መቅረቡ የጥንት ልማድ ነው። ሙዚየም ሊገዛው የፈለገውም ዕቃ ዋጋው ተገምቶ ለአግኚውና ለባለ መሬቱ ይከፈላል። ነጠላ ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሕግ አይያዝም፤ ነገር ግን አግኚዎች በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡበት ድርጅት በ1997 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃ መዝግቧል።

በወንጌል ስለ ተሰወረው መዝገብ የተነገረውን ምሳሌ የሚያስታውስ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይላል፤ በዚያ ምሳሌ ውስጥ ያለው ሰው ያገኘውን መልሶ ሰውሮ፣ ያለውን ሁሉ ሸጦ መሬቱን ይገዛል። መተርጕማን የምሳሌውን ምሥጢር በመንግሥተ ሰማያት ላይ ያውሉታል፤ ምድራዊውን ሕግ ብቻ ይዘን ብንፈርድበት ግን ሰውየው ያገኘውን ለኮሮነሩ አላስታወቀምና በእንግሊዝ አገር ይከሰስ ነበር።

የሮም ገንዘብ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። በመጀመሪያው ምእት ዓመት የኤርትራን ባሕር የባሕር ጕዞ የጻፈው ስሙ ያልታወቀ ግሪካዊ ነጋዴ፣ በአዱሊስ ለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች መገበያያ የሚሆን ጥቂት ዲናር ወደዚያ ይገባ እንደ ነበር ይነግረናል፤ ይህም አክሱም ገና የራሷን ገንዘብ ሳታትም ነው። በሦስተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ ወርቅና ብር ባሳተመ ጊዜ ሚዛኑን ከሮም ወርቅ ጋር አስማማው፤ ጽሕፈቱም በጽርዕ ቋንቋ ሆነ፤ በኋላም ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ የነበረውን ጨረቃና ፀሐይ በመስቀል ለወጠው። በ1963 ደግሞ በመጠራ፣ ከሰንዓፌ አጠገብ፣ የፈረንሳዩ የአርኪዮሎጂ ሊቅ ፍራንሲስ አንፍሬ ቆፍረው ካገኙት የነሐስ ዕቃ ውስጥ የወርቅ ሐብሎች፣ ሁለት መስቀሎችና 14 የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ወጡ፤ ሳንቲሞቹ የአንጦንዮሳውያን ነገሥታት መልክ ያለባቸው ሲሆኑ በአንገት እንዲንጠለጠሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ገበያ ወጥቶ የማይመነዘር ገንዘብ የሴት ጌጥ ሆነ ማለት ነው፤ የማርያ ቴሬዛ ብር በእናቶቻችን አንገት ላይ ሲያንጸባርቅ ላየ ሰው ይህ ነገር አዲስ አይሆንበትም። የመጠራ ዕቃ ከነሥፍራው ስለ ተገኘ መስቀሉና የጣዖት አምላኪዎቹ ቄሣሮች መልክ በአንድ ሰው እጅ አብረው መኖራቸውን አወቅን፤ አንድ በአንድ በወርቅ ሠሪ ቤት ቢቀልጡ ግን ግራም ብቻ ይሆኑ ነበር። እኛ 1992 በምንለው ዓመት የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቈፈርን የሚከለክለው፣ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያስታውቅ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር ልመለስና ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝን ነገር ልናገር። በ2010 በኤፕሪል ወር፣ በምዕራብ እንግሊዝ በሱመርሴት፣ ፍሩም ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በሆስፒታል ውስጥ ምግብ አብሳይ የነበረ ሰው በማሳ ላይ ሲዞር መሣሪያው ግራ የሚያጋባ ድምፅ ሰጠው። ከአንድ ክንድ ያነሰ ያህል ቢቈፍር የሸክላ ስብራትና ትንንሽ ሳንቲሞች አገኘ፤ የማድጋ አፍ መሆኑንም ባወቀ ጊዜ መቈፈሩን ተወ፤ ጕድጓዱን በአፈር መልሶ ደፍኖ ለሊቃውንቱ አስታወቀ። በዚያ ሰዓት በእግሩ ሥር ያለው ማድጋ ምን ያህል እንደ ሆነ አላወቀም፤ አፈሩን መልሶ የጨመረበት ከእርሱ በኋላ ሌላ ሰው 52,503 ሳንቲም በሚቈጥርበት ጕድጓድ ላይ ነው።

ሊቃውንቱ ማድጋውን ባዩት ጊዜ ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር ያህል፣ በውስጡ ያለው ገንዘብ ደግሞ 160 ኪሎ የሚመዝን ሆኖ አገኙት። ሸክላው ተሰነጣጥቆ ስለ ነበር እንዳለ ማንሣት አልተቻለም፤ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ንብርብር በንብርብር እያነሡ፣ የእያንዳንዱን ንብርብር ሳንቲም ለየብቻው በከረጢት እየያዙ አወጡት። ሳንቲሞቹ አብዛኞቹ በሦስተኛው ምእት ዓመት የታተሙ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ቄሣሮቹ ለወታደር የሚከፍሉት ስላጠራቸው ብሩን በመዳብ እየበረዙ ስላበዙት፣ በምእት ዓመቱ መጀመሪያ ግማሽ ያህሉ ብር የነበረው ገንዘብ በ270 ግድም ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ብር የቀረበት፣ ብር ቀለም የተቀባ መዳብ ሆኖ ነበር። ከእነዚህ መካከል ከ760 በላይ የካራውስዮስ ናቸው፤ ካራውስዮስ የባሕር ጦር አዛዥ ሆኖ ሳለ በ286 ከሮም ሸፍቶ በብሪታንያ ቄሣር ነኝ ያለ፣ በ293 በገዛ ሹሙ እጅ የተገደለ ሰው ነው። ከእርሱ ሳንቲሞች አምስቱ በዚያ ዘመን ማንም ሌላ ቄሣር የማያሳትመው ጥሩ ብር ናቸው።

እንግዲህ ማድጋው እንደ ቤት ሙዳይ ዓመት ዓመት እየተጨመረበት የሞላ ቢሆን ኖሮ የካራውስዮስ ሳንቲሞች ከሁሉ የኋለኞቹ ናቸውና ከላይ መገኘት ነበረባቸው። ሊቃውንቱ ግን ከረጢቶቹን ሲፈቱ አብዛኞቹን ያገኟቸው ከማድጋው ወገብ በታች ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የፈሰሰው በአንድ ጊዜ ነው፤ ሸክላውም እንዲህ ያለ ሸክም ይዞ መንቀሳቀስ የማይችል ስስ ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ ባዶው ማድጋ በጕድጓድ ውስጥ ተተክሎ፣ ሳንቲሙ ከሌላ ከሌላ ዕቃ እየተገለበጠ ተሞላ። ይህ የአንድ ፈሪ ባለጸጋ ሥራ ነው ወይስ ብዙ ሰዎች ከየቤታቸው ያመጡት የአማልክት ስእለት? ያጠኑት ሊቃውንት ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ፤ እኔም በዚህ ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ ሊመለስ ያሰበ ሰው፣ ማድጋውን ሳይሰብር ሊያወጣው በማይችልበት አኳኋን ገንዘቡን አይቀብርም።